በበረዶ ያለቁብህን በጎች ቆጥረህ ጻፍ

ከኮሎራዶ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ከዴንቨር በስተምሥራቅ ባለ ገጠር ካውንቲ ነው። ለዓመታት ትራክ ነድቼ ባጠራቀምኩት መሬት ገዝቼ በግና ፍየል አረባለሁ። ደንበኞቼ የኛው ሰዎች ናቸው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ ከእኔ ይወስዳሉ። በማርች የመጣው የበረዶ ውሽንፍር 41 እንስሳ ፈጀብኝ። ብዙዎቹ ለመውለድ የደረሱ ነበሩ። ጎረቤቴ፣ ፈረንጁ ሽማግሌ፣ ‹ኤፍ ኤስ ኤ የሚባለው የግብርና ሚኒስቴር ቢሮ ሂድ፣ ካሣ አለ› አለኝ። ባለቤቴም ሂድ ትላለች። ወንድሜ ግን ‹የመንግሥት ገንዘብ ከበላህ ዜግነት ስትጠይቅ ያነሱብሃል› ይላል። ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። አንድ ያገሬ ሰው ደግሞ ‹ፎርሙን እኔ እሞላልሃለሁ፣ ሃያ ፐርሰንት ትሰጠኛለህ፣ ቁጥሩንም ሰማንያ እናደርገዋለን፣ ማን ቆጠረው?› አለኝ። የምሸጠው በካሽና ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ ስለሆነ ይህ ነው የምለው ወረቀት የለኝም። እውነቱን ልንገርዎትና በጉልበቴ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መንግሥት ፊት እጄን ዘርግቼ አላውቅም። አፈርኩ። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣

«ጋሼ» ብለህ ስለጻፍክልኝ «አንተ» እልሃለሁ። በመጀመሪያ እግዜር ያጽናህ። ከብት አርብቶ የማያውቅ ሰው «በግ ነው፣ ይተካል» ይልህ ይሆናል። ለመውለድ ጥቂት ቀን የቀራትን በግ አጥር ሥር ከተከመረ በረዶ በአካፋ ቆፍሮ ያወጣ ሰው ግን እንደዚያ አይልም።

መልሴን ላስቀድም። ሂድ። በዚህ ሳምንት ሂድ። የሞቱብህን ያህል ጻፍ፣ አንድም አትጨምር፣ አንድም አትቀንስ። ሃያ ፐርሰንት ለጠየቀህ ሰው ደግሞ ቤሳ ቤስቲን አትስጥ።

ኀፍረትህን ቀላል ነገር አድርጌ አላልፈውም። ብዙ ወገኖቻችን የሚገባቸውን ነገር የሚያጡት በዚሁ ነው። ግን እስቲ ጎረቤትህን አስበው። ያ ሽማግሌ «ካሣ አለ» ሲልህ አላፈረም። በካውንቲህ ከአባት ከአያት ጀምሮ ከብት ሲያረቡ የኖሩት ሰዎች ውሽንፍር ሲመታቸው፣ ድርቅ ሲጠናባቸው ወደዚያ ቢሮ ይሄዳሉ። ቢሮው የተከፈተው ለዚሁ ነው። የአየር ጠባይ አንድን አርቢ በሦስት ቀን ባዶ ሊያስቀረው እንደሚችል ስለሚታወቅ ኮንግረሱ ካሣውን በሕግ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእርሻ ሕግ ደግሞ ቋሚ አደረገው። ገንዘቡ ለድሀ የሚሰጥ ምጽዋት አይደለም። በሥራ ላይ ለደረሰ ኪሳራ የሚከፈል ነው፣ በእንስሳ ራስ ተቆጥሮ። እንደማንኛውም የእርሻ ገቢ ታክስም ይከፈልበታል። ትራክ ስትነዳ በኖርክባቸው ዓመታት ሁሉ ለዚህ ካዝና ስትከፍል ኖረሃል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አንተን የሚመለከተው የእንስሳት ካሣ ፕሮግራም ነው። እነሱ በአጭሩ ኤል አይ ፒ ይሉታል። የሚያስተዳድረው የግብርና ሚኒስቴሩ ክፍል የሆነው ኤፍ ኤስ ኤ ነው። በጉ፣ ፍየሉ፣ ላሙ፣ አሳማው፣ ዶሮው ሁሉ ይገባል። እንስሳው ግን ለንግድ የሚረባ መሆን አለበት። ለቤት ፍጆታ ወይም ለደስታ የሚያዝ እንስሳ አይቆጠርም። የሚከፈለው ከአማካይ የገበያ ዋጋው 75 ፐርሰንት ነው። ዋጋውን መሥሪያ ቤቱ ራሱ በየዓመቱ ያወጣዋል። አንተ ለፋሲካ ስንት ትሸጠው እንደነበር አይጠይቁህም።

አንድ ነገር አስቀድመህ እወቅ፣ ኋላ ተታለልኩ እንዳትል። የሞቱት ሁሉ አይከፈልባቸውም። በደህናው ዓመትም ጥቂት እንስሳ መሞቱ ስለማይቀር፣ ያ «የተለመደ ሞት» ይቀነሳል። መጠኑ በየስቴቱና በየእንስሳው ዓይነት ይለያያል። ለምሳሌ ያህል፣ መቶ በግ ኖሮህ የተለመደው ሞት አምስት ነው ቢባል፣ ሠላሳ ከሞተብህ የሚታሰብልህ ሃያ አምስቱ ነው። ስለዚህ የሞተውን ብቻ ሳይሆን ውሽንፍሩ ሲጀምር ስንት እንደነበረህም ማሳየት አለብህ።

ሰዎች የሚዘነጓቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ውሽንፍሩ ካለፈ በኋላ በዚያው ሳቢያ የሞቱትም ይቆጠራሉ። ሕጉ ውሽንፍሩ ካበቃበት ቀን ጀምሮ እስከ 60 ቀን ይሰጣል። ሳምባቸው ተመትቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሞቱ ግልገሎች ካሉህ ተዋቸው አትበል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ለመውለድ የደረሱ ነበሩ ብለሃል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ከእናታቸው ጋር በሆድ ለቀሩትም ተጨማሪ ክፍያ ፈቅዷል። ቢሮው ስትደርስ ይህን ለይተህ ጠይቅ። ካልጠየቅህ ላይነሳ ይችላል።

ወረቀት የለኝም ብለሃል። እኔ ግን ደብዳቤህን ሳነብ ወረቀት አየሁ።

ዜል ተጠቅመህ ሸጠሃል። የባንክ ስቴትመንትህን አውጣ። በየበዓሉ ሰሞን የገባው ገንዘብ ከነቀኑ እዚያ አለ። ደንበኞችህ «ለፋሲካ ሁለት ሙክት ያዝልኝ» ብለው በቴሌግራም ወይም በቫይበር ጽፈውልህ ከሆነ አትም። እንስሳቱን ስትገዛ ከጨረታ የተሰጠህ ደረሰኝ ጓንዳ ውስጥ ተጥሎ ይሆናል፣ ፈልገው። የጆሮ ምልክታቸው ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ካለህ ከሁሉ በላይ እሱን ያዝ። ከሞቱት ጆሮ የቆረጥካቸው ምልክቶች ካሉም በላስቲክ ሰብስባቸው። ሐኪም ክትባት የሰጠበት ወረቀት ስንት እንስሳ እንደነበረህ ይናገራል። የመኖ ሱቁ ደረሰኝም እንዲሁ። ሠላሳ በግ ያለው ሰውና መቶ በግ ያለው ሰው እኩል ድርቆሽ አይገዙም።

የሞቱትን ቀብረህ ከሆነ ጉድጓዱን በምን ቆፈርክ? ሎደር ተከራይተህ ከሆነ የኪራዩ ደረሰኝ ቀኑን ይመሰክራል። ሎደሩን የነዳው ሰው ደግሞ የቤተሰብህ አባል ወይም ቅጥር ሠራተኛህ ካልሆነ ጥሩ ምስክር ነው። ያየውን ቁጥርና ዓይነት፣ እንዴት እንዳየ፣ ከአንተ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጽፎ ይፈርምልህ። ሽማግሌው ጎረቤትህም በማግሥቱ መጥቶ አይቶ ከሆነ እሱም ይጻፍ። ባለቤትህ በስልኳ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ቀናቸው ሳይጠፋ አስቀምጡ። በዋትሳፕ ተላልፎ የመጣ ፎቶ ቀኑ ሊጠፋ ስለሚችል ዋናው ከስልኩ ላይ እንዳይሰረዝ።

ቀኑ ላይ ጠንቅቅ። ቢሮው አንተ የምትለውን ቀን ከአየር ትንበያ ጣቢያ መዝገብ ጋር ያስተያያል። «በማርች ነበር» አይበቃም። በረዶው መቼ ጀመረ፣ ነፋሱ መቼ በረታ፣ የመጀመሪያዋን የሞተች በግ መቼ አየህ? ያደረግከውንም ጻፍ። ወደ ከለላ አስገብተሃቸዋል? ድርቆሽ ጨምረሃል? በቸልተኝነት ለሞተ እንስሳ ካሣ የለም። ስለዚህ የለፋኸው ልፋት መታወቅ አለበት።

ይህን ሁሉ የማጠናክርልህ በደቡብ ዳኮታ የሆነውን ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በኦክቶበር መጀመሪያ አትላስ የተባለው ውሽንፍር የስቴቱን ምዕራብ መታ። ከብቱ ገና የክረምት ጠጉር አላበቀለም ነበር። መጀመሪያ ዝናብ አበሰበሰው፣ ከዚያ በረዶውና ነፋሱ ተከተለ። ከ10,000 በላይ ከብት አለቀ። አርቢዎቹ ወደ ቢሮው ቢሮጡ፣ የፌዴራል መንግሥቱ በበጀት ጭቅጭቅ ተዘግቶ ቢሮውም ተቆልፎ ነበር። ከዚያም የባሰው፣ የካሣው ፕሮግራም ራሱ ጊዜው አልፎበት ከ2011 ጀምሮ የሚከፈል ነገር አልነበረም። አስበው፣ ሰው መንጋውን አጥቶ የሚያመለክትበት ቦታ እንኳ የለም። «ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ጻፉ፣ ምስክር ያዙ» ተባሉ። ፌብሩዋሪ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አዲሱ ሕግ ወጣ። ወደ ኋላ ተመልሶም እስከ 2011 ድረስ የነበረውን ኪሳራ አካተተ። ያኔ ማመልከት ሲጀመር በዚያ በጭቃና በሬሳ መካከል ቆመው የቆጠሩት ሰዎች ማስረጃቸውን ይዘው መጡ። አንተ እድለኛ ነህ። ሕጉ አለ፣ ቢሮውም አለ። የማመልከቻው ጊዜ ገደብ ግን ስላለው፣ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው የመጨረሻውን ቀን ይሁን።

ወደ ሃያ ፐርሰንቱ ሰውዬ ልምጣ። እዚህ ላይ ፈራሁልህ።

መጀመሪያ ነገር፣ ፎርሙን ለመሙላት ገንዘብ አይጠየቅም። የቢሮው ሠራተኛ ቁጭ ብሎ አብሮህ ይሞላዋል፣ በነፃ። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ የሚቀናውን ልጅህን ወይም ወዳጅህን ይዘህ ሂድ። ምሳ ጋብዘው፣ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። «ሰማንያ እናደርገዋለን» ያለህ ነገር ሌብነት ነው። በዚያ ፎርም ላይ የምትፈርመው ለፌዴራል መንግሥት እውነት ነው ብለህ ነው። ፊርማው ያንተ ነው፣ የሱ አይደለም። ጉዳዩ ሲመረመር እሱ ስልኩን ያጠፋል። የምትጠየቀው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ የግሪን ካርድ ሰው ነህ። በኢሚግሬሽን ሕግ፣ ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ የማጭበርበር ወንጀል ከሀገር ከሚያስወጡት ከባድ ወንጀሎች አንዱ ነው። ያልነበሩህን 39 እንስሳት ዋጋ ስትደምረው እዚያ ለመድረስ ሩቅ አይደለም። ልጆችህን፣ መሬትህን፣ ይህን ሁሉ ዓመት የለፋህበትን አሲዘህ እንደመቆመር ነው። ደግሞ «ማን ቆጠረው?» የሚለው ውሸት ነው። ሊቆጥሩ ሊመጡ ይችላሉ። የድርቆሽ ደረሰኝህም ይቆጥርብሃል። በዚያ ላይ ገጠር ነው፣ ጎረቤት ያውቃል። አንዱ ሐበሻ ሲዋሽ ከተያዘ ቀጥሎ የሚመጣው ሐበሻ በዚያ ቢሮ በር ላይ በምን ዓይን እንደሚታይ አንተም ታውቀዋለህ። ሰውዬውን «አመሰግናለሁ፣ ራሴ እሞላዋለሁ» ብለህ አሰናብተው። ለሌሎች ወገኖችም ንገራቸው፣ በየቤቱ እየዞረ ይሆናል።

ወንድምህ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅሏል። እሱ የሚፈራው ለችግረኛ የሚሰጠውን ድጎማ ነው። ይህ ግን የንግድ ሥራ ካሣ ነው። ሕጉም ካሣውን ለዜጋ ብቻ አላደረገውም። በቋሚነት እንዲኖር የተፈቀደለት ሰውም ይገባዋል። ዜግነት ስትጠይቅ አጥብቀው የሚያዩት ታክስህን፣ የወንጀል መዝገብህን፣ እዚህ ሀገር የቆየህበትን ጊዜ ነው። አሁንም ልብህ ካላረፈ ለአንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ የአንድ ሰዓት ከፍለህ ጠይቅ። ከወሬ ይሻላል።

ታክስ ካነሳሁ ግን በካሽ የሸጥከው ነገር አሳሰበኝ። የእርሻህን ገቢ በየዓመቱ ስታሳውቅ ከነበረ ያ ወረቀት ነጋዴ መሆንህን የሚያሳይ ትልቅ ማስረጃ ነው። ሳታሳውቅ ቀርተህ ከሆነ ወደ ቢሮው ከመሄድህ በፊት አንድ ታክስ የሚሠራ ሰው ጋ ቁጭ በልና ያለፈውን አስተካክል። ማስተካከያ ማስገባት ይቻላል። ለአንዱ መሥሪያ ቤት «ነጋዴ ነኝ»፣ ለሌላው «ምንም የለኝም» ማለት ግን አያዋጣም።

የቢሮውን ቀን ላስረዳህ። መጀመሪያ ደውለህ ቀጠሮ ያዝ። ገጠር ውስጥ አንዱ ቢሮ ሁለት ሦስት ካውንቲ ሊያገለግል ይችላል። መታወቂያህን፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርህን፣ የመሬትህን ሰነድ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርህን ያዝ። እስካሁን ተመዝግበህ የማታውቅ ከሆነ መሬትህን መዝግበው የእርሻ ቁጥር ይሰጡሃል። ከምትሞላቸው ፎርሞች አንዱ ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ ረግረግ መሬት ነው። ሌላው አማካይ ገቢህ በዓመት ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ የምታረጋግጥበት ነው። እርሻ ከጀመርክ አሥር ዓመት ካልሞላህ «ጀማሪ ገበሬ ነኝ» በል። ወደፊት ድርቆሽ ወይም ሌላ ሰብል ዘርተህ የመንግሥቱን የሰብል ዋስትና ስትገባ የ325 ዶላሩን መግቢያ ያስቀርልሃል። የሰጠሃቸውን ሁሉ ኮፒ አድርገህ አስቀር። ያነጋገረህን ሠራተኛ ስምና ቀኑን ደብተርህ ላይ ጻፍ።

«ካውንቲያችን የአደጋ ቀጣና ተብሎ ካልታወጀ አይከፍሉም» የሚል ወሬ ከሰማህ አትመነው። አዋጁ የሚያስፈልገው ለአስቸኳይ ብድሩ ነው። ብድሩን እንኳ አዋጁ ለጎረቤት ካውንቲ ወጥቶ ልታገኘው ትችላለህ፣ ለማመልከት ከአዋጁ በኋላ 8 ወር አለህ። የሞተ እንስሳ ካሣ ግን አዋጅ አይጠብቅም። ፌማ የሚባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ሄደህም ጊዜህን አታባክን፣ እነሱ ቤት ለፈረሰበት ናቸው። የበጉ ጉዳይ የኤፍ ኤስ ኤ ነው።

መመዝገብህ ለሌላም ይጠቅምሃል። የናንተ አካባቢ ድርቅ አያጣውም። በየሐሙሱ የሚወጣ የድርቅ ካርታ አለ፣ ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲም ከሚያዘጋጁት አንዱ ነው። ካውንቲህ በካርታው ላይ በከባድ ድርቅ ውስጥ ለሳምንታት ከቆየ ግጦሽ ለጠፋባቸው አርቢዎች ሌላ ክፍያ አለ። ለዚያ ግን የግጦሽ መሬትህ ስፋት ቀድሞ በቢሮው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። በሐሙሱ ካርታ ላይ ካውንቲህን ማየት ልማድ አድርግ።

ማመልከቻህን የሚያየው የካውንቲው ኮሚቴ ነው። አባላቱ ገበሬዎችና አርቢዎች ናቸው፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው በድምፅ ይመርጧቸዋል። ይህ መልካም ጎኑ ነው፣ ውሽንፍሩን ያውቁታል። ግን አልደብቅህም፣ እነዚህ ኮሚቴዎች ሁልጊዜ ለሁሉም እኩል አልነበሩም። ጥቁር ገበሬዎች ብድርና ድጋፍ እየተከለከሉ ለዓመታት ከተንገላቱ በኋላ ግብርና ሚኒስቴሩን ከሰው ነበር። ፒግፎርድ በተባለው በዚያ ክስ እ.ኤ.አ. በ1999 ስምምነት ጸድቆ ካሣ ተከፍሏል። ይህን የምነግርህ ፈርተህ እንድትቀር አይደለም። ወረቀትህ የተሟላ እንዲሆንና ተመዝግበህ በምርጫውም ድምፅ እንድትሰጥ ነው።

ቢከለክሉህ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጡሃል። «በቃ ተባልኩ» ብለህ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትክተተው። ይግባኝ ማለት ትችላለህ፣ መጀመሪያ ለኮሚቴው ራሱ፣ ከዚያም ለስቴቱ ቢሮና ለግብርና ሚኒስቴሩ የይግባኝ ክፍል። ጊዜው ደብዳቤው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። የደረሰህን ቀን ፖስታው ላይ ጻፍና ይዘቱን ላክልኝ፣ መልሱን አብረን እንጽፋለን።